«ስንተኛ ክፍል ነው?» ብላችሁ መጽሐፍ አትግዙ

ባለፈው ሐሙስ ማታ አንዲት የማውቃት እናት ደወለችልኝ። ከመስከረም ጀምሮ ልጇን ቤት ልታስተምር ወስናለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ «በናትሽ፣ ጥሩ የሦስተኛ ክፍል ካሪኩለም ንገሪኝና ዛሬውኑ ልዘዘው» አለችኝ። ካሪኩለም ያለችው ተሰናድቶ የሚሸጠውን የመማሪያ መጽሐፍ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር የማውቀው ሰው ሁሉ ጋ የደወልኩት። ያኔ ያገኘሁት መልስ ብዙ ገንዘብና የልጄን ግማሽ ዓመት አስከፍሎኛል። ስለዚህ «እሁድ ልጁን ይዘሽ ነይ። እስከዚያ ምንም እንዳትገዢ» አልኳት። ለእሷ ልነግራት ያሰብኩትን ለእናንተም ልጻፈው። እግረ መንገዴን ቤታችን የገቡትን መጻሕፍት እንዴት እንዳገኘኋቸው እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ 13፣ ወንዱ 10፣ ትንሿ 7 ዓመት ሆኗቸዋል። የባለቤቴ እናት አብረውን ይኖራሉ፤ ልጆቹ «እማማ» ነው የሚሏቸው። አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ላይ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። አሁን አርብና ቅዳሜ ሌሊት ሆስፒታል እሠራለሁ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ደግሞ ከልጆቼ ጋር ነኝ። ሆምስኩል፣ ማለትም ቤት ማስተማሩን፣ የጀመርነው እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ነው። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ትልቋ ከኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምታውቀውንና የማታውቀውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁ። ካየሁ በኋላ እንዳላየሁ መሆን አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁለት ሳጥን ገዛሁ። አንዱ የአራተኛ ክፍል፣ ሌላው የአንደኛ ክፍል። ሁሉም ትምህርት በአንድ ላይ የተሰናዳበት፣ የእያንዳንዱ ቀን ሥራ ሰኞ ማክሰኞ ተብሎ የተጻፈበት ዓይነት ነው። የሁለቱ ዋጋ አንድ ላይ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ለሌላ ቤተሰብ ይሆን ይሆናል። እኛ ቤት ግን በሁለተኛው ሳምንት ችግሩ ወጣ። ትልቋ ዕድሜዋ የአራተኛ ክፍል ነው። ንባቧ ግን የስድስተኛ ነበር፤ የሳጥኑን የንባብ መጽሐፍ በሦስት ቀን ጨርሳ አስቀመጠችው። ሒሳቧ ደግሞ ወደ ኋላ ቀርቷል። መቀነስ ላይ መበደር ገና አልገባትም፣ ሳጥኑ ግን ረጅም ማካፈል ላይ ነው። ልጅቷ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ትሰላቻለች፣ ከሰዓት በኋላ ታለቅሳለች። ለመመለስ ስጠይቅ የተከፈተ አንቀበልም አሉኝ። እስከ ገና ድረስ ታገልን። በጥር ሳጥኑን ወደ ጓዳ አስገባሁትና ከዜሮ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ነው ስለ ደረጃ መለያ ፈተና የሰማሁት። ፕሌስመንት ቴስት ይሉታል። ሲንጋፖር ማዝ፣ ሳክሰንና ማዝ ዩ ሲ የሚባሉት የሒሳብ፣ ኦል አባውት ሪዲንግ የሚባለው የንባብ ካሪኩለም፣ ሁሉም በድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያስቀምጡታል። መጽሐፉን ሳትገዙ አትማችሁ ለልጃችሁ ትሰጣላችሁ፤ ውጤቱ ከየትኛው መጽሐፍ መጀመር እንዳለበት ይነግራችኋል። ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው። ይህን ሳያደርግ መጽሐፍ የሚያዝ ሰው ጫማ ሳይለካ የሚገዛ ሰው ነው። ፈተናውን ለእያንዳንዱ ትምህርት ለየብቻ ስጡ። አንድ ልጅ በሒሳብ ሦስተኛ፣ በንባብ አምስተኛ፣ በጽሑፍ ሁለተኛ ክፍል ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት ሦስቱም ልጆች እንደዚያ ናቸው።

ሒሳቡ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የሒሳብ መጻሕፍቱ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት አንድ ነገር ይይዝና ልጁ ጠንቅቆ እስኪያውቀው ከዚያ አይነቃነቅም። ማስተሪ ይሉታል። ሁለተኛው ትንሽ ያስተምርና ወደ ሌላ ያልፋል፤ ከዚያ እየዞረ ይመለሳል። እሱ ስፓይራል ይባላል። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ የመጀመሪያውን የኛ ሰው ያውቀዋል። የኔታ ዘንድ ፊደል ያልለየ ልጅ ዳዊት አይሰጠውም። ዕድሜው ስንት ነው፣ ስንት ዓመት ተቀመጠ የሚል የለም። ሲያውቅ ያልፋል። እማማ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ይሄን ሊሸጡልሽ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ለትልቋ የሆናት ሲንጋፖር ማዝ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሀ እና ለ እንደማለት ኤ እና ቢ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ፈተናውን ሰጠኋትና ከ3ኤ ጀመርን፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ የአራተኛ ክፍል ነው። አካሄዱ ሦስት ደረጃ አለው። ልጁ መጀመሪያ በእጁ የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል፣ ከዚያ በሥዕል ያየዋል፣ በመጨረሻ ወደ ቁጥሩ ይገባል። እኔን ያስገረመኝ ሥዕሉ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እህትና ወንድም 60 ብርቱካን ተካፈሉ። እህት የወንድሟን ሦስት እጥፍ ወሰደች። እያንዳንዳቸው ስንት ደረሳቸው? እኔ ደሴ ላይ ይህን የማስተምረው በኤክስ ነበር። ኤክስ ሲደመር ሦስት ኤክስ እኩል ይሆናል 60። ግማሹ ክፍል እዚያው ይጠፋብኛል። ሲንጋፖር ማዝ ልጁን ሣጥን ያስለዋል። ለወንድም አንድ ሣጥን፣ ለእህት ሦስት ሣጥን። በድምሩ አራት ሣጥን 60 ነው። አንዱ ሣጥን 15። ወንድም 15፣ እህት 45። ልጄ ይህን በዘጠኝ ዓመቷ ያለ ምንም ኤክስ ሠራችው። አልጀብራ ስትጀምር ሣጥኑን ኤክስ ብላ ጠራችው፣ አለቀ። ሰባት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሥዕል ያኔ ባውቀው ብዙ ልጅ አተርፍ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲንጋፖር ማዝን ያለ መምህር መምሪያው አትግዙት። የተማሪው መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ ትምህርቱ ያለው መምሪያው ውስጥ ነው። ደግሞ ኅትመቱ ብዙ ዓይነት ነው። የአሜሪካ ኅትመት አለ፣ ስታንዳርድስ የሚባል አለ፣ ኮመን ኮር አለ፣ የ2022 አለ። እኔ አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ አገኘሁ ብዬ መማሪያውን ከአንዱ፣ ወርክቡኩን ከሌላው ኅትመት ገዛሁ። ገጾቹም ምዕራፎቹም አልገጠሙም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳገጣጥም አመሸሁ።

ወንዱ ልጄ ሌላ ሰው ነው። ዛሬ የገባው ነገር በሳምንቱ ይጠፋዋል። ክፍልፋይ ለአንድ ወር አስተምሬው ወደ መለኪያ ስንሻገር ክፍልፋዩ በነነ። ለእሱ እየዞረ የሚመለሰው ነው የሠራው፤ ሳክሰን። በእያንዳንዱ ትምህርት አዲሱ ነገር ትንሽ ነው። ከዚያ 30 ገደማ ጥያቄ ይመጣል፤ አብዛኛው ካለፈው ሳምንት፣ ካለፈው ወር፣ ከዚያም በፊት ከተማረው የተውጣጣ ነው። ልጁ ለመርሳት ፋታ አያገኝም። የመጽሐፎቹ ስም ደግሞ 5/4፣ 6/5፣ 7/6 እያለ ይሄዳል። 5/4 ማለት ለመካከለኛ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ወይም ቀደም ላለ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። አያችሁ፣ ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው አንድ ክፍል ብቻ መጻፍ አልፈለጉም። ገጹ ቀለምና ሥዕል የለውም። ልጄ ይህን ወዶታል። ሥዕል የበዛበት ገጽ ላይ ዓይኑ ይቅበዘበዛል።

ትንሿ በእጇ ካልነካች አይገባትም። ለእሷ ማዝ ዩ ሲ ይዘናል። የፕላስቲክ ብሎኮች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ቀለምና ርዝመት አለው። ሰባትን ከሦስት ጋር ስትገጥም ርዝመቱ ከአሥር ጋር እኩል ሲሆን ታያለች። ይህ ካሪኩለም ከሽፋኑ ላይ የክፍል ቁጥርን ጭራሽ አውጥቶታል። በግሪክ ፊደል ነው የሚጠራው። አልፋ የአንድ አሃዝ መደመርና መቀነስ፣ ቤታ የብዙ አሃዝ፣ ጋማ ማባዛት፣ ዴልታ ማካፈል፣ ኤፕሲሎን ክፍልፋይ፣ ዜታ አስርዮሽና መቶኛ። ወደ ኋላ የቀረ የ11 ዓመት ልጅ ጋማ ይዞ ቢቀመጥ «የሕፃን መጽሐፍ» ብሎ አያፍርም። ልጅ የሽፋን ቁጥር ያነባል። ትልቋ ያኔ «3ኤ» የሚለውን በተለጣፊ ሸፍናው ነበር። ለልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ልጅ፣ ሦስት ዓይነት ሒሳብ። እውነቱን ልናገር፣ ያደክማል። ለእያንዳንዳቸው ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ለብቻ እቀመጣለሁ። ትናንሽ ልጆች ያሏትና ሙሉ ሰዓት የምትሠራ እናት አንዱን መርጣ ለሁሉም ብታደርገው አልፈርድባትም። ካን አካዳሚ የሚባል ድረ ገጽም አለ። ክፍያ የለውም፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ይሄዳል፣ ልጁ ሲሳሳት ራሱ ያሳየዋል። ሌሊት ሠርቼ በተኛሁበት ጠዋት ልጆቹን የሚይዝልኝ እሱ ነው። ትልቋ ደግሞ በትርፍ ጊዜዋ ቢስት አካዳሚ ትሠራለች፤ በኮሚክ የተሣለ፣ ከባድ እንቆቅልሽ የሞላበት የሒሳብ መጽሐፍ ነው። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ስጡት።

ወደ ንባብ ልሂድ። ይህን ክፍል በተለይ አማርኛ ቤታቸው ውስጥ ለሚናገሩ ወላጆች ነው የምጽፈው።

ወንዱ ልጅ ከእንግሊዝኛ በፊት ፊደል ቆጥሯል። እማማ ናቸው ያስቆጠሩት። በፊደላችን አንድ ምልክት አንድ ድምፅ ከነአናባቢው ነው። «ባ» ብሎ አንዴ ያነባል። እንግሊዝኛ ሲመጣ ድምፁን ለሁለት ሰንጥቆ ለየብቻ መያዝ አለበት። ልጄ ይህ አልሆንለት አለ። ሁለት ተነባቢ ጎን ለጎን ሲያይ መሃሉ ላይ ሳድስ ይሰካል። ጥቁር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ብ፣ ላ፣ ክ» ብሎ በሦስት ምት ያነበዋል። ከፊት ሦስት ተነባቢ ከመጣበትማ «እ» ጨምሮ ነው የሚነሳው። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው የንባብ መጽሐፍ ለዚህ ምንም አልነበረውም። ቃሉን በሥዕል እያሳየ እንዲሸመድደው ብቻ ያደርጋል። ልጁም ሥዕሉን እያየ ይገምታል። ሥዕሉን በእጄ ስሸፍነው ዝም።

ያወጣን ኦል አባውት ሪዲንግ ነው። ኦርተን ጊሊንግሃም በሚባለው፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ንባብ ለሚከብዳቸው ልጆች በተሠራ ዘዴ ላይ የቆመ ነው። ትንንሽ የፊደል ጠጠሮች አሉት። ከብረት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ተነባቢው በአንድ ቀለም፣ አናባቢው በሌላ ቀለም። ልጁ እያንዳንዱን ድምፅ በጣቱ እየነካ ይጠራል፣ ከዚያ ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ እየጎተተ ያገጣጥማል። ሳድሱን የሚሰካበት ቦታ በዓይኑ ታየው። በሁለቱ ጠጠሮች መካከል ምንም አናባቢ የለም፤ የለምና አይጠራም። ሦስት ወር ፈጀብን። በአራተኛው ወር አንድ ቀን መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ የመንገድ ምልክት አነበበ። ማንም ሳያዘው። መኪናውን ዳር አቁሜ ዞር ብዬ አየሁት።

ይህም ካሪኩለም አራት ደረጃ እንጂ ክፍል የለውም። አንዱን ደረጃ በስድስት ወር የሚጨርስ አለ፣ ዓመት ተኩል የሚወስድበት አለ። ትንሿ አሁን ሁለተኛው ላይ ናት፤ ጠጠሮቹን ከወንድሟ ወርሳለች። ስታስቡት ዋጋው ለሁለት ልጅ ተካፈለ ማለት ነው። አስጠነቅቃችኋለሁ፣ ወላጅ አጠገብ ካልተቀመጠ አይሄድም። ልጁ ብቻውን የሚሠራው ዓይነት አይደለም።

ሰዋስውና ጽሑፍ ላይ ብዙ ገንዘብ አታጥፉ። ዘ ጉድ ኤንድ ዘ ቢውቲፉል የሚባለው ድርጅት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለውን የቋንቋ ትምህርት በነጻ ፒዲኤፍ ይሰጣል። ገጹ ባለቀለም ስለሆነ ቤት ውስጥ ካተማችሁ ቀለም ይበላል፤ እኔ ከታብሌት ላይ አስነብቤ መልሱን ደብተር ላይ አስጽፋለሁ።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ አገር ለሆምስኩል ከሚዘጋጁት መጻሕፍት ብዙዎቹን የጻፏቸው ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ናቸው። አንዳንዱ ላይ ሃይማኖቱ በጥቂቱ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ግን ሳይንሱም ታሪኩም በዚያ መስመር የተጻፈ ነው። ኦርቶዶክስም ሁኑ ሙስሊም፣ ከመግዛታችሁ በፊት የናሙና ገጹን አውርዳችሁ አንብቡ። ከሃይማኖት ነጻ የሆነውን የምትፈልጉ «ሴኩላር» የሚለውን ቃል ፈልጉ። እኔ ሃይማኖቱን እማማና ቤተ ክርስቲያን እንዲያስተምሩልኝ እመርጣለሁ፤ ሳይንሱን ሳይንስ ብቻ ይዞ እንዲመጣልኝ።

ታሪክና ሳይንስ ላይ ደግሞ የክፍል ነገር ጭራሽ ይቅርባችሁ። ሦስት ልጅ ሦስት የታሪክ መጽሐፍ አያስፈልገውም። እኛ ዘ ስቶሪ ኦቭ ዘ ዎርልድን ነው የያዝነው። አራት ቅጽ ነው፤ ጥንታዊው፣ መካከለኛው ዘመን፣ የቅድመ ዘመናዊው፣ ዘመናዊው። በዓመት አንድ ቅጽ። ተረት በሚነገርበት ቃና ስለተጻፈ ምሳ እየበላን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ ትንሿ ሥዕል ትሥላለች፣ ወንዱ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ትልቋ ከቤተ መጻሕፍት ሌላ መጽሐፍ አውጥታ አንድ ገጽ ትጽፋለች። አንድ ንባብ፣ ሦስት ደረጃ። ኮር ኖውሌጅ የሚባለው ድርጅትም የታሪክና የጂኦግራፊ መጻሕፍቱን በነጻ ይለቃል፤ ካርታዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ለትልቋ ከእነሱ እጨምራለሁ።

የራሳችንን ታሪክ ግን ራሳችሁ ጨምሩ። አንድ የገዛነው የዓለም ታሪክ መጽሐፍ ኢትዮጵያን በግማሽ ገጽ አልፏት ሄደ። ልጆቹ ስለ ግብፅ ሮዜታ ድንጋይ ሲማሩ፣ አንድ ጽሑፍ በሦስት ዓይነት ፊደል የተቀረጸበት ነው ሲባል፣ ትልቋ በጣም ወደደችው። በማግስቱ የኢዛናን ድንጋይ ፎቶ አሳየኋቸው። አክሱም ላይ የቆመ፣ የአራተኛው ክፍለ ዘመን፤ እሱም ሦስት ነው፤ በግዕዝ ፊደል፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ። ወንዱ ልጅ ፎቶውን አጉልቶ ፊደል ፍለጋ ገባ። «ይሄ ‹ነ› ነው! ይሄን አውቀዋለሁ!» ይላል። እማማም ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው አዩ። ከ1600 ዓመት በላይ የቆየ ድንጋይ ላይ የ10 ዓመት ልጅ የሚያውቀውን ፊደል ሲያገኝ የሚሰማውን ነገር የትኛውም ሳጥን ውስጥ አታገኙትም።

ሳይንስ አጭር ነው። ለትልቋ ሲኬ 12 የሚባለው ድረ ገጽ ይበቃል፤ ሙሉ የሳይንስ መጽሐፍ በነጻ፣ ጥያቄና ሥዕሉም አለው። ለትንንሾቹ የሙከራ ዕቃ በየወሩ በፖስታ የሚልክ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ዕቃ ጎድሎ መጣ፣ ልጆቹ የጓጉለትን ሙከራ ሳይሠሩት ቀረ። ተውኩት። አሁን ሙከራችን ከጓዳ ነው። የእንጀራ እርሾ ወስደን ሦስት ብርጭቆ ሊጥ አቦካን። አንዱ ፍሪጅ ውስጥ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ማሞቂያው አጠገብ። በየሁለት ሰዓቱ በማስመሪያ ለኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስንት ሴንቲ ተነሳ፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለውስ መቼ ፈላ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ለምን ዝም አለ። ግራፍ ሠሩበት። ደግሞ ዋሽንግተን ቅርብ የሆናችሁ፣ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ ነጻ ነው። በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ እንሄዳለን።

አማርኛው ላይ ልቤ ስላለ ትንሽ ታገሡኝ።

የትምህርት ሚኒስቴርን የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አስመጥቼ ሞክሬዋለሁ። መጽሐፉ አማርኛ እየተናገረ ለሚያድግ ልጅ የተጻፈ ነው። የኛ ልጆች ደግሞ ይሰማሉ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። ስለዚህ እዚህም የክፍሉ ቁጥር አልሠራም። የ10 ዓመቱ ልጅ የአንደኛ ክፍሉ ምንባብ ውስጥ ያሉ ቃላት ይከብዱታል፣ የመጽሐፉ ወሬ ግን የሕፃን ይሆንበታል። ከአንዱ ሱቅ የገዛሁት የፊደል ገበታ ግን እስካሁን ግድግዳችን ላይ አለ። በላስቲክ የታሸገውን ግዙ፤ ያልታሸገው በሁለት ወር ይቀደዳል።

ገበታው አንድ ችግር አለበት፣ ችግሩን ያወቁት እማማ ናቸው። ልጆቹ ሀ ሁ ሂ ሃን እንደ ዘፈን ይሉታል። ጣታቸው ሌላ ቦታ፣ አፋቸው ሌላ ቦታ። እማማ አንድ ቀን ሰምተው «ይሄ ቁጥር አይደለም፣ ዜማ ነው» አሉ። ወንድማቸው ወረኢሉ ላይ የኔታ ዘንድ ሲማር ያዩትን ነገሩን። ልጁ ሀ ሁን በቃሉ ከያዘው በኋላ አቡጊዳ ይመጣል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቅደም ተከተሉ ከሀ ሁ የተለየ ነው። ቤቱንም ሆሄውንም እየዘለለ ስለሚሄድ በዜማ ማምለጥ የለም፤ ፊደሉን ለይቶ ካላወቀ አይወጣውም። ከየትኛውም ዘመናዊ ካሪኩለም ጋር የሚመጣ ፈተና ይህን ያህል ቀላልና ብልህ ሆኖ አላየሁም። 33ቱን ፊደላት ከነሰባቱ ቤት፣ 231 ካርድ ላይ ጻፍኩ። በየጠዋቱ 20 ካርድ በዘፈቀደ እናወጣለን። ትንሿ ስትሳሳት እማማ ካርዱን ወደ ጉልበታቸው ይወስዱታል፤ በነጋታው በመጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።

ሕጉንም በአጭሩ። እዚህ ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ነሐሴ 9፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 15፣ ቤት እንደምታስተምሩ ለትምህርት ክልሉ ኃላፊ በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። የምታስተምሯቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ታያይዛላችሁ። ወላጁ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ካለው ይበቃዋል። በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይቀርባል። በአገር አቀፍ ፈተና አራተኛ ስታናይን፣ ማለትም 23ኛ ፐርሰንታይል (ከመቶ ተፈታኝ 23ቱን ያህል የሚበልጥ ውጤት) እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ደግሞ ብቃት ያለው ገምጋሚ የሚጽፈው ደብዳቤ። ሜሪላንድ ያላችሁ ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ታሳውቁና የልጁን ሥራ የያዘ ፋይል በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ታሳያላችሁ። ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርትም ውስጡ መኖር አለበት። ጀርመን ያላችሁ ግን እዚያ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር አይፈቀድም፤ መጻሕፍቱን ለማታና ለቅዳሜ ማገዣ ተጠቀሙባቸው።

አያችሁ፣ ሕጉ ራሱ የትምህርቱን ዓይነት እንጂ የመጽሐፉን ስም አይጠይቅም። በመጀመሪያው ዓመት «የታወቀ ሳጥን ካልያዝኩ ይጥሉኛል» ብዬ ነበር የፈራሁት። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ያቺ እናት ልጇን ይዛ መጣች። ቡናው እስኪፈላ ልጁን ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጥኩት። ሁለቱን ፈተና ሰጠሁት፣ ወንዱ ልጄ እርሳስ ቀረጸለት። ዕድሜው ሦስተኛ ክፍል ነው። ሒሳቡ 2ቢ ላይ ወጣ። ማባዛቱ ደህና ነው፣ የሰዓትና የገንዘብ ነገር ይቀረዋል። ንባቡ ግን የኦል አባውት ሪዲንግን ሦስተኛ ደረጃ አልፎ አራተኛው ላይ ነው። እናቱ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። «ሦስተኛ ክፍሉን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ከብዶት፣ ንባቡ ቀሎት ነበር» አለች። የሒሳቡን መጽሐፍ ከነመምሪያው እዚያው ስልኳ ላይ አዘዘች። የንባቡን አራተኛ ደረጃ እኔ ጋ ስላለ አዋስኳት። ታሪኩን ከቤተ መጻሕፍት ታወጣለች። ሊወጡ ሲሉ ልጁ ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ብርጭቆ አይቶ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እማማ ከእርሾው በጠርሙስ ቀድተው ክዳኑን አላልተው ሰጡት። ማስመሪያውን ወንዱ ልጄ ጨመረለት።